ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ፦ ምንድን ነው? እኛንስ በምን ይመለከተናል?



እኔ ኬንያ ውስጥ በካኩማ ካምፕ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ሴት ተማሪዎቼ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንደኛው፦ «ቲቸር፣ ለልጆች የሚዘጋጅ የሴቶች ዓለም ዋንጫ አለ እንዴ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፦ «ስደተኛ ልጅስ እዚያ መጫወት ትችላለች?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው፤ አዎ፣ አለ። ሁለተኛው ግን በአንድ ቃል አይመለስም። ስለዚህ የማውቀውን በአንድ ቦታ ሰብስቤ ልጽፈው ወሰንኩ። ወላጆችም፣ አሰልጣኞችም፣ ልጆቹም አንብበው ያስቀምጡት።

በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ለይቼ እናገራለሁ።

ውድድሩ ምንድን ነው?

ፊፋ ለሴት ወጣቶች ሁለት የዓለም ዋንጫ ያዘጋጃል። አንዱ ከ20 ዓመት በታች ነው። እሱ በ2002 በካናዳ ሲጀመር ከ19 ዓመት በታች ነበር፤ በ2006 ወደ 20 ከፍ አለ። ሁለተኛው ከ17 ዓመት በታች ሲሆን በ2008 በኒውዚላንድ ተጀመረ። እኔ ዛሬ በዋናነት የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም በዕድሜ ለተማሪዎቼ የሚቀርበው እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ነበር የሚካሄደው። በ2020 ህንድ ልታዘጋጅ ነበር፤ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘና ህንድ በ2022 አዘጋጀች። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ትልቅ ለውጥ መጣ። ውድድሩ በየዓመቱ ሆነ፤ የቡድኖቹ ቁጥር ከ16 ወደ 24 አደገ፤ እስከ 2029 ድረስ አምስቱንም ዓመት አዘጋጇ ሞሮኮ ሆነች። ማለትም ውድድሩ ለአምስት ዓመት አፍሪካ ምድር ላይ ነው።

እስካሁን የተደረጉት ዘጠኝ ውድድሮች የፍጻሜ ውጤት እነሆ፦

2008፣ ኒውዚላንድ፦ ሰሜን ኮሪያ አሜሪካን 2 ለ 1፣ በተጨማሪ ሰዓት።
2010፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ፦ ደቡብ ኮሪያ ጃፓንን በመለያ ምት፣ 3 ለ 3 ከተለያዩ በኋላ።
2012፣ አዘርባጃን፦ ፈረንሳይ ሰሜን ኮሪያን በመለያ ምት፣ 1 ለ 1 ከተለያዩ በኋላ።
2014፣ ኮስታሪካ፦ ጃፓን ስፔንን 2 ለ 0።
2016፣ ዮርዳኖስ፦ ሰሜን ኮሪያ ጃፓንን በመለያ ምት፣ ያለ ግብ ከተለያዩ በኋላ።
2018፣ ኡራጓይ፦ ስፔን ሜክሲኮን 2 ለ 1።
2022፣ ህንድ፦ ስፔን ኮሎምቢያን 1 ለ 0።
2024፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፦ ሰሜን ኮሪያ ስፔንን በመለያ ምት፣ 1 ለ 1 ከተለያዩ በኋላ።
2025፣ ሞሮኮ፦ ሰሜን ኮሪያ ኔዘርላንድን 3 ለ 0።

ሰሜን ኮሪያ አራት ጊዜ፣ ስፔን ሁለት ጊዜ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ፈረንሳይና ጃፓን አንድ አንድ ጊዜ ዋንጫውን ወስደዋል። ልብ በሉ፦ በዋናው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ብዙ ስሟ የማይነሳው ሰሜን ኮሪያ በልጆቹ ግን ከሁሉም ትቀድማለች። በዚህ ዕድሜ የሚያሸንፈው ልጆቹን ቀድሞ ሰብስቦ ያሠለጠነ ነው ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ጨዋታው እንዴት ይካሄዳል?

አሁን 24ቱ ቡድኖች በስድስት ምድብ ይከፈላሉ፤ በእያንዳንዱ ምድብ አራት ቡድን አለ። ከየምድቡ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ያልፋሉ። ከሦስተኞቹ ደግሞ የተሻሉት አራቱ ይጨመሩና 16 ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የተሸነፈ ይወጣል፦ ሩብ ፍጻሜ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፍጻሜ።

ጨዋታው እንደ አዋቂዎቹ 90 ደቂቃ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን በጥሎ ማለፉ እኩል ከወጡ ተጨማሪ ሰዓት የለም፤ ቀጥታ ወደ መለያ ምት ይሄዳሉ። ልጆች ስለሆኑ እንዳይደክሙ ነው። ለዚህ ነው ከላይ ባለው ዝርዝር ብዙ ፔናሊቲ ያያችሁት።

ወደ ውድድሩ የሚገባው በማጣሪያ ነው። በአፍሪካ ማጣሪያውን የሚያዘጋጀው ካፍ ነው። ሁለት አገሮች ደርሶ መልስ ይጫወታሉ፤ አንዱን በቤታቸው፣ አንዱን በሰው አገር። ያሸነፈው ወደ ሚቀጥለው ዙር ያልፋል። ድሮ ለአፍሪካ የሚሰጠው ቦታ ሦስት ብቻ ነበር። በ2025 አዘጋጇን ሞሮኮን ጨምሮ አምስት ሆነ፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ ኮትዲቯርና ዛምቢያ ተጫወቱ።

አፍሪካ የት ደረሰች? ጎረቤቶቻችንስ?

ዋንጫውን ያነሳ የአፍሪካ ቡድን እስካሁን የለም። ሦስተኛ የወጡ ግን ሁለት አሉ። ጋና በ2012 ጀርመንን 1 ለ 0 አሸንፋ ነሐስ ወሰደች። ናይጄሪያ በ2022 ያንኑ የጀርመን ቡድን ገጥማ 3 ለ 3 ከተለያዩ በኋላ በመለያ ምት አሸነፈች። በ2018 ደግሞ የጋናዋ ሙካራማ አብዱላይ ሰባት ግብ አግብታ የወርቅ ጫማውን ወሰደች።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር እንምጣ፤ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ።

ታንዛኒያ በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ገባች። ቡድኑ «ሰረንጌቲ ገርልስ» ይባላል። የደረሳቸው ምድብ ከባድ ነበር፦ ጃፓን፣ ፈረንሳይና ካናዳ። በመጀመሪያው ጨዋታ ጃፓን 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ብዙ ሰው «በቃ አለቀላቸው» ይላል አይደል? እነሱ ግን ቀጥለው ፈረንሳይን 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ከካናዳ ጋር 1 ለ 1 ወጡ፤ ሩብ ፍጻሜ ገቡ። እዚያ በኮሎምቢያ 3 ለ 0 ተሸነፉ። ኮሎምቢያ ራሷ እስከ ፍጻሜ ነው የሄደችው።

ኬንያ ደግሞ በ2024 ገባች። «ጁኒየር ስታርሌትስ» ይሏቸዋል፤ አሰልጣኛቸው ሚልድሬድ ቼቼ ሴት ናት። በማጣሪያው መጨረሻ ቡሩንዲን አሸንፈው ሲያልፉ፣ በእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው የኬንያ ቡድን ሆኑ። የወንዶቹ ሀራምቤ ስታርስም፣ ዋናው የሴቶች ቡድንም ያልደረሰበት ቦታ ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በእንግሊዝ 2 ለ 0፣ በሰሜን ኮሪያ 3 ለ 0 ተሸነፉ። በሦስተኛው ጨዋታ ሜክሲኮን 2 ለ 1 አሸነፉ። ከምድባቸው አላለፉም፤ ግን ለኬንያ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን ድል ያስመዘገቡት እነዚህ ልጆች ናቸው።

ይህን ለምን በዝርዝር ጻፍኩ? ሁለቱም አገሮች ሀብታም ስለሆኑ አይደለም የገቡት። ልጆቹ ብዙዎቹ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሜዳ የወጡ ናቸው። ከእኛ የሚለያቸው ርቀት እኛ እንደምናስበው አይደለም።

ኢትዮጵያስ?

ኢትዮጵያ እስካሁን በየትኛውም የሴቶች ዓለም ዋንጫ አልተሳተፈችም። ግን እስከ በሩ ድረስ ደርሳለች፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ለ2022 ከ17 ዓመት በታች ውድድር በመጨረሻው የማጣሪያ ዙር ከናይጄሪያ ጋር ተገናኘች። አዲስ አበባ ላይ ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸነፈች። በመልሱ ናይጄሪያ ውስጥ 0 ለ 0 ተለያዩ። በ180 ደቂቃ ውስጥ አንዲት ግብ ብቻ! ያ የናይጄሪያ ቡድን ነው ህንድ ሄዶ ከዓለም ሦስተኛ የወጣው። እስቲ አስቡት። በ2024 ማጣሪያ ደግሞ የኢትዮጵያ ልጆች በሦስተኛው ዙር በኬንያ ተሸንፈው ወጡ፤ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሄደችው ያቺው ኬንያ ናት።

ከ20 ዓመት በታችም ተመሳሳይ ነው። በ2021 ዩጋንዳ ውስጥ በተደረገው የሴካፋ ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ውድድር ኢትዮጵያ ዋንጫውን ወሰደች። ለ2022 የዓለም ዋንጫ በመጨረሻው ዙር ጋና አስቀረቻት፤ ለ2024ቱ ደግሞ ሞሮኮ።

ስለዚህ «የሐበሻ ሴት ልጅ ኳስ አትችልም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይህን አንብቡለት።

ዮርዳኖስ 2016፦ በስደተኞች ጎረቤት የተደረገው ውድድር

ከሁሉም ውድድሮች ለእኔ የሚቀርበው የ2016ቱ ነው። ዮርዳኖስ በጦርነት የተሰደዱ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሶርያውያንን ያስጠለለች አገር ናት። በ2012 የተከፈተው የዛዕተሪ ካምፕም እዚያ ነው። ጨዋታዎቹ በአማን፣ በኢርቢድና በዛርቃ ከተሞች ተካሄዱ። ፊፋ በመካከለኛው ምሥራቅ የሴቶች ውድድር ሲያዘጋጅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የዮርዳኖስ ልጆች ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ። ግን ከመካከላቸው ሂጃብ ለብሰው የተጫወቱ ነበሩ። ይህ የተቻለው የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል በ2014 የራስ መሸፈኛን ስለፈቀደ ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ተከልክሎ ነበር። ሙስሊም እህቶቻችንና ወላጆቻቸው ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ሂጃብ ለብሶ መጫወት በሕጉ ይቻላል፤ ማንም አሰልጣኝ «አውልቂ» ሊል አይገባውም። የሚፈለገው ከሰውነት ጋር የተጣበቀ፣ አደጋ የማያደርስ፣ መርፌ የሌለው እንዲሆን ነው።

ከዚህ ውድድር የት ይደረሳል?

በ2014 ኮስታሪካ ላይ ዛምቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ባርብራ ባንዳ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ በቡድኑ ውስጥ ነበረች። ያቺ ልጅ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በሁለት ተከታታይ ጨዋታ ሦስት ሦስት ግብ አገባች። በዚያው የ2014 ውድድር በፍጻሜው የተሸነፈው የስፔን ቡድን ውስጥ ደግሞ አይታና ቦንማቲ ነበረች፤ በኋላ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 የባሎን ዶር ሽልማት ወሰደች። ሌላዋ ስፔናዊት ሳልማ ፓራሉኤሎ ከ17 ዓመት በታች፣ ከ20 ዓመት በታችና ዋናውን የዓለም ዋንጫ ሦስቱንም አሸንፋለች። የሳልማ እናት ከኢኳቶሪያል ጊኒ ናቸው።

ስደተኛ ልጅ መጫወት ትችላለች?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ መጣን። ሦስት ነገር ለይተን እንይ፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያደባልቋቸዋል።

አንደኛ፣ ለአገር ቡድን መጫወት። በዓለም ዋንጫ ለአንድ አገር ለመጫወት የዚያ አገር ዜግነት ያስፈልጋል። ካኩማ ተወልዳ ካኩማ ያደገች ልጅ የኬንያ ዜግነት ከሌላት ለጁኒየር ስታርሌትስ መጫወት አትችልም፤ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን። በዚህ ውድድር የስደተኞች ቡድን የሚባል የለም። በኦሎምፒክ አለ። በ2016 ሪዮ ላይ አሥር ስደተኛ አትሌቶች ተወዳደሩ፤ አምስቱ ከእኛው ካኩማ የሄዱ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ነበሩ፤ አንዱ በሉክሰምበርግ የሚኖረው ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ኪንዴ ነበር። በእግር ኳስ ደግሞ ፊፋ በ2025 ከአፍጋኒስታን ለተሰደዱ ሴቶች አንድ ቡድን እንዲቋቋም ፈቅዶ፣ ቡድኑ በዚያው ዓመት ሞሮኮ ውስጥ ተጫውቷል። እሱ ግን የአዋቂዎች ነው፤ በዓለም ዋንጫም አይደለም። መንገዱ መከፈቱን ግን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ወደ ሦስተኛ አገር ከሄዱ በኋላ መጫወት። ሪሴትልመንት የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን ይስማ። አዲስ ዜግነት ያገኘች ልጅ እሷ፣ ወላጆቿ ወይም አያቶቿ እዚያ አገር ካልተወለዱ፣ ፊፋ የመኖሪያ ጊዜ ይጠይቃል። በ2020 በተሻሻለው ደንብ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላት የገባች ልጅ ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ከአሥር እስከ 18 ዓመቷ ባለው ጊዜ የገባች ቢያንስ አምስት ዓመት መኖር አለባት። ከዚህ በፊት ደንቡ የባሰ ጠባብ ነበር፤ ከ18 ዓመት በኋላ ያለውን አምስት ዓመት ብቻ ነበር የሚቆጥረው። ናዲያ ናዲም የምትባለው ተጫዋች በልጅነቷ ከአፍጋኒስታን ተሰድዳ ዴንማርክ ገባች። ዜግነት ያገኘችው በ2008 ነው፤ ያኔ ከ17 በታች የሚለው ዕድሜ አልፏታል። የአምስት ዓመቱ ደንብም ያዛት። የዴንማርክ ፌዴሬሽን ተከራክሮ ፊፋ በልዩ ሁኔታ ስለፈቀደላት በ2009 ለዴንማርክ ተጫወተች። ኳሱን ሳትተው ሕክምና ተምራም ሐኪም ሆነች።

ሦስተኛ፣ በምትኖሪበት አገር ለክለብ መጫወት። ይህ ከዜግነት የተለየ ነው። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ለክለብ እንዳይዛወር ይከለክላል። ነገር ግን ልዩ ሁኔታዎች አሉት። አንዱ፣ ለሕይወቱ ወይም ለነፃነቱ ሰግቶ ከአገሩ የሸሸ፣ ቢያንስ ለጊዜው እንዲኖር የተፈቀደለት ስደተኛ ልጅ ነው። ወላጆቹ ባይኖሩም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የኬንያ ወይም የዩጋንዳ ክለብ «ስደተኛ ስለሆነች መመዝገብ አንችልም» ካለ የመጨረሻ መልስ አይደለም። ክለቡ በአገሩ ፌዴሬሽን በኩል ማመልከት ይችላል። የስደተኛ መመዝገቢያ ወረቀቷና የልደት ማስረጃዋ ግን በእጇ መሆን አለበት።

ስለ ደላላ አንድ ቃል

ከላይ የጻፍኩት ክልከላ የሚጠቅመን ሌላ ቦታም አለ። አንድ ሰው መጥቶ «ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ 15 ዓመቷ ነው፣ አውሮፓ ወይም ገልፍ ለክለብ ልውሰዳት፤ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ክፈሉ» ካለ፣ ደንቡ የሚከለክለውን ነገር ነው ቃል የሚገባው። እውነተኛ ክለብ ለሙከራ ወላጅን ገንዘብ አያስከፍልም። እውነተኛ ወኪል የፊፋ ፈቃድ አለው፤ ጠይቁት። ልጅቷን ለብቻዋ በሌሊት በድንበር የሚያሻግር አሰልጣኝ የለም። የምታጡት ብር ብቻ አይደለም፤ ልጃችሁን ነው።

የልደት ቀን፦ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር

ውድድሩ ዕድሜን የሚቆጥረው በዓመተ ምሕረት ነው። የውድድሩን ዓመት ያዙና 17 ቀንሱ። ለ2025 ሲቀነስ 2008 ይመጣል፤ ስለዚህ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ የተወለደች ልጅ ናት የምትገባው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። አሁን ሁለት ልጆች አስቡ። ሁለቱም በ2000 ዓ.ም. ተወለዱ። አንዷ በኅዳር፣ አንዷ በየካቲት። የኅዳሯ በፈረንጅ 2007 ስለሚሆን አትገባም። የየካቲቷ 2008 ስለሚሆን ትገባለች።

በካምፕ ሁለት ችግር አያለሁ። አንዱ፣ የልደት ቀኑ በትክክል ያልታወቀ ሰው ሲመዘገብ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፍለታል። ከክፍሌ ውስጥ «ልደቴ ጃንዋሪ 1 ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ዓመቱ ትክክል ከሆነ ይህ ለውድድር ብዙም አይጎዳም። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው። ወላጅ «በ2000 ተወለደች» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ሲናገር፣ መዝጋቢው 2000ን በፈረንጅ አድርጎ ይጽፈዋል። ልጅቷ በወረቀት ላይ በአንዴ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አረጀች ማለት ነው! በዚህ ወረቀት ከ17 በታች የሚባል ነገር ለእሷ አይሠራም። ለኳስ ብቻ አይደለም፤ ለትምህርት ዕድልም፣ ለቤተሰብ ጉዳይም ያው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እዩ። ልጅቷ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ከተወለደች በእኛ ዓመት ላይ ሰባት ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት ደምሩ። (በ2000 ዓ.ም. ታኅሣሥ 22 ራሱ ጃንዋሪ 1 ላይ ስለዋለ የዚያ ቀን ልጅ ስምንት ነው የሚደመርላት።) ውጤቱ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ ያላችሁን ሁሉ ይዛችሁ ወደ ምዝገባ ቢሮ ሂዱና እንዲታረም ጠይቁ። ማረሚያው ጊዜ ይወስዳል። ልጅቷ 16 ዓመት ሲሞላት መጀመር ረፍዷል፤ አሥር ዓመቷ ላይ ጀምሩ። ዕድሜ ለመቀነስ የሐሰት ወረቀት ማሠራት ግን አይሞከርም፤ የሷንም የቡድኗንም ዕድል ያበላሻል።

ካምፕ ውስጥ ምን ማድረግ እንችላለን?

ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አሁን ላንሳው። በዚህ ዕድሜ የሚያሸንፈው ልጆቹን ቀድሞ ያሠለጠነ ነው። በ17 ዓመት የዓለም ዋንጫ የሚጫወቱ ልጆች ኳስ የጀመሩት በሰባት፣ በስምንት፣ ቢዘገይ በአሥር ዓመታቸው ነው። እኛ ጋ በዚያ ዕድሜ ሴት ልጅ የት ናት? ከትምህርት ቤት በኋላ ወንዶቹ ወደ ሜዳ ይሮጣሉ። እሷ ጀሪካን ይዛ የውኃ ወረፋ ላይ ናት። ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ታናናሾቿን መጠበቅ። ራሽን በሚታደልበት ቀን ደግሞ ጭራሽ ትምህርት ቤትም አትመጣም። እኔም በልጅነቴ ኳስ የመታሁት ወንድሞቼ ደክሟቸው ሲቀመጡ ብቻ ነበር።

ዜግነት መስጠት በእኛ እጅ አይደለም። ሰዓት መስጠት ግን በእኛ እጅ ነው። እኛ ትምህርት ቤት የሞከርነውንና የሠራልንን ልጻፍ፦

ሜዳው ለሴቶች ብቻ የሚሆንበት ቋሚ ሰዓት ይኑር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። «ወንዶቹ ሲጨርሱ» ከተባለ ይመሻል፤ ሲመሽ ደግሞ ወላጅ ልጁን አይለቅም፤ ልክም ነው።

የእናቶችን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቤት ድረስ ሄዳችሁ «እማማ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ፤ መልሼ አደርሳታለሁ» በሏቸው። የውኃውን ተራ ወንድሟ በእነዚያ ሁለት ቀን እንዲይዝላት ጠይቁ። አብዛኞቹ እናቶች እሺ ይላሉ። የሚፈሩት ኳሱን አይደለም፤ መንገዱን ነው።

ሴት አሰልጣኝ ወይም ሴት ረዳት ይኑር። ልጆቹ የወር አበባቸው ሲመጣ ለወንድ አሰልጣኝ አይናገሩም፤ ዝም ብለው ይቀራሉ። ሞዴስ በትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ቢቀመጥ ብዙ ልጅ ከልምምድም ከክፍልም አትቀርም።

የትምህርት ቤት ውድድርን ተጠቀሙ። የካምፑ ትምህርት ቤቶች የኬንያን ሥርዓተ ትምህርት ስለሚከተሉ ልጆቹ ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ጋር ይጫወታሉ። እዚያ የሚጠየቀው ተማሪነት ነው። ካፍም ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ወንዶችና ሴቶች የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ውድድር ጀምሯል፤ የመጀመሪያው የአህጉሩ ፍጻሜ በ2023 ደርባን ላይ ተካሂዷል። ከካምፕ ውጭ ጨዋታ ካለ የጉዞ ፈቃዱን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሄደ ቡድን ይቀራል።

የእያንዳንዷን ልጅ መዝገብ ያዙ። ደብተር ይበቃል፦ ስም፣ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የተጫወተችው ጨዋታ፣ ቀን። ነገ ቤተሰቧ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ወይም ክለብ ቢጠይቃት፣ ከእሷ ጋር የሚሄድ ታሪክ ይኖራታል።

በሚቀጥሉት ዓመታት ውድድሩ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ሞሮኮ ላይ ሲደረግ፣ ዲሽ ያለው ቤት ሴቶቹን ሰብስቦ እንዲያሳይ ጠይቁ። ልጆቻችን እኩዮቻቸውን ሜዳ ላይ ማየት አለባቸው። ጥያቄ ያለው፣ በተለይ የልደት ቀን ማረም ላይ የተቸገረ ወላጅ፣ በቅርቡ ያለውን የልጁን መምህር ያነጋግር፤ ደብዳቤ መጻፍ ላይ መምህራኖቻችሁ ይረዷችኋል። በርቱ።